ሃያ ደቂቃ ያልሞላው የጠፈር ጉዞ፦ የሶዩዝ ኤምኤስ-10 ጉዳይ

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 2018። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ቦታው ካዛኪስታን ውስጥ የሚገኘው የባይኮኑር የሮኬት ማስወንጨፊያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ40 ሲል አንድ ሶዩዝ ሮኬት ሁለት ሰዎች ይዞ ተነሳ። ኮማንደሩ ሩሲያዊው አሌክሲ ኦቭቺኒን ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ኒክ ሄግ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔልና የናሳ ጠፈርተኛ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደርሰው፣ እዚያ ስድስት ወር ገደማ ሊሠሩ ነበር ሐሳቡ።

ከ19 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ በኋላ ሁለቱም እዚያው ካዛኪስታን፣ ዤዝካዝጋን ከምትባል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሜዳ ላይ አረፉ። ከተነሱበት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የራቁት። የከፋ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

የጠፈር አደጋ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቻሌንጀር ነው። ቀጥሎ ኮሎምቢያ፤ ሁለቱም ከነሰዎቻቸው የጠፉ የአሜሪካ መንኮራኩሮች ናቸው። ጉዳዩን ትንሽ ገባ ብሎ የሚከታተል ሰው ደግሞ በ1971 ወደ ምድር ሲመለሱ አየር አልቆባቸው የሞቱትን ሦስቱን የሶዩዝ 11 ሰዎች ያነሳል። ኤምኤስ-10 ሰው ስላልሞተበት ቶሎ ተረሳ። እኔ ግን ለጥናት የሚመች ጉዳይ ቢኖር ይሄ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱም በዚያች ሮኬት ላይ የሁለት ዓይነት ሰው እጅ አርፎባታል። አንደኛው «ይህ ሮኬት በየትኛዋም ሰከንድ ጉድ ሊሠራን ይችላል» ብሎ ያሰበ ነው። ሌላኛው «ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ችግር ፈጥሮ አያውቅም» ብሎ ያለፈ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሁለት ደቂቃ ዕድሜ ሰማይ ላይ ተገናኙ።

ሌላ መጓጓዣ አልነበረም

አሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮቿን፣ ሸትሎቹን ማለቴ ነው፣ በ2011 ጡረታ አውጥታለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ጣቢያው ሰው የሚያመላልሰው ሶዩዝ ብቻ ነበር። ናሳ ለአንድ መቀመጫ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። ውድ ነው፤ ግን አማራጭ የለም። የሶዩዝ ስም ደግሞ የታመነ ነበር። ሁለቱን ሰዎች የያዘው ሶዩዝ-ኤፍጂ የተባለው ሞዴል ከ2001 ጀምሮ ሲበር አንድም ጊዜ ከሽፎ አያውቅም። የተነሳበት ቦታ ራሱ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 የተነሳበት ነው። የሮኬቱ የዘር ሐረግም ቢቆጠር እስከ 1957 ድረስ ይሄዳል። በአጭሩ፣ ሥራው ላይ ጥርሱን የነቀለ ሮኬት ነው።

የዚያን ቀን የናሳ ዋና አስተዳዳሪ ጂም ብራይደንስታይን እዚያው ባይኮኑር ነበር። የጠፈርተኞቹ ቤተሰቦችም እንደዚሁ። ሰዎቹ የሚቀመጡበት ካፕሱል ሦስት መቀመጫ ቢኖረውም የተሳፈሩት ሁለት ናቸው፤ ሩሲያ ልታስወነጭፈው የነበረው አንድ የጣቢያ ክፍል በመዘግየቱ ሦስተኛው ሰው ከጉዞው ወጥቷል። ለኦቭቺኒን ሁለተኛ በረራው ነው። ለሄግ የመጀመሪያው።

ከ114ኛው ሰከንድ በኋላ

የሶዩዝን አወጣጥ ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። መሀል ላይ አንድ ረጅም ሮኬት አለ። ግራ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ጫፋቸው የሾለ አራት ሮኬቶች ታቅፈውታል። አምስቱም ሞተሮች መሬት ላይ እንዳሉ አብረው ይነሳሉ፤ የሚያቃጥሉት ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው የአራቱ ነዳጅ ያልቅና ይለያያሉ። ሰማዩ ጥርት ካለ ከመሬት ሆኖ ይታያል። አራቱም በአራት አቅጣጫ እየተገለበጡ ሲወድቁ መስቀል ይሠራሉ። ሩሲያውያን በሮኬቱ አባት በሰርጌይ ኮሮሌቭ ስም «የኮሮሌቭ መስቀል» ይሉታል። የዚያን ቀን መስቀሉ ተበላሸ።

እንዴት እንደተበላሸ ለመረዳት አለያየታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ የጎን ሮኬት ጫፍ መሀለኛው ሮኬት ላይ በተሠራ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሞተሩ እስከገፋ ድረስ ጫፉ እዚያው እንደተጫነ ይቆያል። ግፊቱ ሲቀንስ ታች ያሉት ማሰሪያዎች በፈንጂ ይቆረጣሉ፣ ጭራው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ጫፉ ከጎድጓዳው ይወጣል። ይህ የሆነው ሁሉ ግን ጫፉን ከመሀለኛው ሮኬት በበቂ አያርቀውም። ስለዚህ አንድ ብልሃት ተጨምሯል። እዚያ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዘንግ አለች። ጫፉ ቦታው ላይ እያለ ተጭና ትቆያለች፤ ሲለቅ ብቅ ትላለች። የፍሪጅ በር ሲከፈት መብራቱን የምታበራው ትንሽ ቁልፍ እንደምትሠራው ነው የምትሠራው። ዘንጓ ብቅ ስትል ሴንሰሩ ምልክት ይሰጣል። በምልክቱ የኦክስጅን ታንኩ አናት ላይ ያለው መክደኛ ይከፈታል። ታንኩ ውስጥ የቀረው ግፊት ፍስስ ብሎ ይወጣና የሮኬቱን ጫፍ ገፍቶ ያርቀዋል። ለመግፋት ብቻ ተብሎ ሌላ ሞተር አልተሠራም፤ የተረፈውን ኦክስጅን ነው የሚጠቀሙበት። ከ1950ዎቹ የመጣ አሠራር ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥብ ብልሃት ደስ ይለኛል።

ከአራቱ በአንዱ ላይ፣ «ዴ» የሚል የሩሲያ ፊደል በተሰጠው ላይ፣ መክደኛው አልተከፈተም። ሦስቱ እንደ ወትሮው ተገፍተው ሄዱ። የአራተኛውን ጫፍ ግን የሚገፋው ነገር አልነበረም። እየተገለበጠ መሀለኛውን ሮኬት በነዳጅ ታንኩ በኩል መታው። ታንኩ ተከፈተ። ሮኬቱ አቅጣጫውን ሳተ።

ካፕሱሉ ውስጥ የነበረው ካሜራ ሁለቱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ሲናጡ ያሳያል። ሄግ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ በኃይል ወደ ጎን ተናጡ፣ ወደ መቀመጫቸው ተደፈቁ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ጮኸ፣ የሮኬት ብልሽት የሚለው መብራትም በራ። መብራቱን ሲያይ የዚያን ቀን ጣቢያው እንደማይደርሱ ገባው።

ኦቭቺኒን ሬዲዮ ላይ ነበር። ድምፁ አልተለወጠም። ክብደት አልባ የሆኑ ያህል እየተሰማቸው መሆኑን ለምድር ተናገረ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ነው ያሰብኩባት። ለማንኛውም ጠፈርተኛ ክብደት ማጣት ማለት «ደረስን» ማለት ነው። የሚጠበቀው ግን ዘጠነኛው ደቂቃ ገደማ፣ የመጨረሻው ሞተር ሲጠፋ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከመጣ የሚገፋህ ሞተር የለም ማለት ነው፤ የተወረወረ ድንጋይ ሆነሃል። ኦቭቺኒን ይህን ያውቃል። ቀጥሎም የሮኬት አደጋ መድረሱን፣ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ መሆኑን ተናገረ። እግረ መንገዱንም «ቶሎ ደረስን» ዓይነት ቀልድ ጣል አደረገ።

እነሱ ግን በዚያን ሰዓት ከሮኬቱ ተለይተው ነበር። ማንም ቁልፍ አልተጫነም። የአደጋ ማምለጫው ሮኬቱ አቅጣጫ መሳቱን አይቶ ራሱ ነው የወሰነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። ሶዩዝ አናቱ ላይ ቀጭን ማማ የመሰለ ነገር አለው። ያ የማምለጫ ሮኬት ነው። ታች ያለው ሮኬት ቢፈነዳ ካፕሱሉን አፈፍ አድርጎ ይዞት ይወጣል። ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ፣ 114ኛው ሰከንድ ገደማ ላይ፣ ይጣላል። የጎን ሮኬቶቹ የሚለያዩት 118ኛው ሰከንድ ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ዋናው ማምለጫ ከተጣለ አራት ሰከንድ ያህል እንዳለፈ ነው አደጋው የመጣው። ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ «ታዲያ በምን አመለጡ?» የሚል ነበር።

መልሱ ካፕሱሉን ከነፋስ የሚጠብቀው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የተገጠሙ ሌሎች ትንንሽ የማምለጫ ሞተሮች አሉ። ማማው ከተጣለ በኋላ፣ ሽፋኑም እስኪጣል ድረስ ያለችውን ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ክፍተት ለመሸፈን ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ሽፋኑ በ157ኛው ሰከንድ ገደማ ሲጣል እነሱም አብረው ይወድቃሉ። ሰው በያዘ በረራ ላይ ለዚህ ሥራ ተነስተው አያውቁም ነበር። በየበረራው ይገጠማሉ፣ በየበረራው ሥራ ፈት ሆነው ይወድቃሉ። ሒሳብ የሚወድ አለቃ ቢያያቸው «ለዚች ለአርባ ሰከንድ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የምንሸከመው?» ማለቱ አይቀርም። ጥቅምት 1 ቀን ተነሱ። ሽፋኑን ከነሰዎቹ ከሚናጠው ሮኬት ነጥለው ወሰዱት። ቀጥሎ ካፕሱሉ ከሽፋኑ ሥር ሹልክ ብሎ ወጣ።

ሲለያዩ ከፍታቸው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ፍጥነታቸው ግን ወደ ላይ መውሰዱን ቀጠለና 93 ኪሎ ሜትር ደረሱ። ጠፈር የሚጀምረው በ100 ኪሎ ሜትር ነው የሚለውን ለሚከተል ሰባት ኪሎ ሜትር ቀራቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል ደግሞ መስመሩን 80 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚያሰምረው። በዚያ ሒሳብ ኮሎኔሉ ጠፈር ደርሶ ተመልሷል። ወዳጆቹ በዚህ ሳይቀልዱበት የቀሩ አይመስለኝም።

መውረዱ ከባድ ነበር። ካፕሱሉ በመደበኛው መንገድ አየር ላይ ተንሳፍፎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ጫናው ከምድር ስበት 6.7 እጥፍ ደረሰ፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከግማሽ ቶን በላይ ሆኖ ይሰማዋል ማለት ነው። ከዚያ ፓራሹቱ ተዘረጋ። ካፕሱሉ ሜዳው ላይ አረፈ። ሄግ እንደተናገረው ሁለቱ ተያይተው ፈገግ አሉ፣ ተጨባበጡ፣ ጉዟቸው ባጭር በመቅረቱ ተቀላለዱ። የነፍስ አድን ሠራተኞች ደርሰው አወጧቸው፤ በሄሊኮፕተር ወደ ዤዝካዝጋን፣ ከዚያም ባይኮኑር የሚጠብቋቸው ቤተሰቦች ዘንድ ተወሰዱ። የዚያኑ ቀን ማታ ሚስቶቻቸውን እያቀፉ የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞረ።

ሌላም ፎቶ አለ። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ጌርስት የዚያን ጊዜ ጣቢያው ውስጥ ነበር። እንግዶቹ ሲመጡ አያለሁ ብሎ በመስኮት ሲመለከት የከሸፈውን ሮኬት ጭስ ከላይ ሆኖ አነሳው።

የማርያም መንገድ ያላቸውና የሌላቸው

«ተአምር ነው» የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ብዙ ተብሏል። እኔ አልስማማም። ተአምር ለማለት ቢያንስ ያልተጠበቀ ነገር መሆን አለበት። ሶዩዝ ውስጥ ግን ይህ ሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያው አፕሪል 5 ቀን 1975 ነው። ቫሲሊ ላዛሬቭና ኦሌግ ማካሮቭ ነበሩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሮኬቱ ክፍል በወጉ አልለያይ አሉ። ማማውም ሽፋኑም ከተጣሉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ መንኮራኩሯ በራሷ ሞተር ነው የተላቀቀችው። ሲወርዱ ጫናው ከ20 እጥፍ አለፈ። ከኤምኤስ-10 ጋር አስተያዩት፤ ሦስት እጥፍ ነው። ያረፉት አልታይ ተራሮች ላይ፣ በረዶ የሸፈነው ቁልቁለት ነበር። ካፕሱሉ ወደ ገደል ሲንሸራተት ፓራሹቱ ተጠልፎ ያዘው። ያኔ ሶቪየትና ቻይና ዓይንና ናጫ ስለነበሩ ላዛሬቭንና ማካሮቭን ያስጨነቃቸው አንዱ ነገር ቻይና ገብተን እንዳይሆን የሚለው ነበር። አልገቡም። ከተራራው የተነሱት በማግስቱ ነው።

ሁለተኛው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ነው። ቭላድሚር ቲቶቭና ጌናዲ ስትሬካሎቭ ሮኬታቸው ሳይነሳ እሳት ተያያዘ። እሳቱ የማምለጫውን ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን ሽቦዎች በላቸው። ሰዎቹ ከውስጥ ሆነው ማማውን ማስነሳት አይችሉም። ትእዛዙ ከመቆጣጠሪያ ክፍል በሬዲዮ መሄድ ነበረበት፤ ለዚያውም ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ቁልፍ መጫን አለባቸው። ጥቂት ሰከንዶች ባከኑ። ማማው ካፕሱሉን ይዞ በወጣ በሁለት ሰከንድ ገደማ ሮኬቱ ፈነዳ። ሰዎቹ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አረፉ። ጉዟቸው ስድስት ደቂቃ አልሞላም።

አሁን ቻሌንጀርን እናምጣት። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986፣ ፍሎሪዳ፣ ሰባት ሰዎች። በብርድ የደረቀ የጎማ ቀለበት ትኩስ ጋዝ አሳለፈና በ73ኛው ሰከንድ ሮኬቱ ተበታተነ። የጎን ሮኬቶቹን የሠራው ድርጅት መሐንዲሶች በዋዜማው በዚህ ብርድ አትነሱ ብለው ተከራክረው ተሸንፈዋል። ይህ ታሪክ ብዙ ተነግሯል። ያልተነገረለት፣ ወይም በጥቂቱ የተነገረለት፣ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰዎቹ የነበሩበት ክፍል ወዲያው አልተሰባበረም። 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ወድቆ ነው ውቅያኖሱን የመታው። ከተገኙት አራት የድንገተኛ አየር መያዣዎች ሦስቱ ተከፍተው ነበር፤ ማለትም ቢያንስ አንዳንዶቹ ከተበታተነ በኋላ ነፍስ ነበራቸው። ሸትሉ ግን የማርያም መንገድ አልነበረውም። ማማ የለው፣ ተነጣይ ካፕሱል የለው። ለመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች ለሁለቱ አብራሪዎች ተወንጫፊ መቀመጫ ተገጥሞ ነበር። ከዚያ «እንግዲህ ተፈትኗል» ተባለና ቀረ።

ልዩነቱ ሩሲያውያን ይበልጥ ጠንቃቆች ስለሆኑ አይደለም፤ በዚህ አንታለል። ሮኬቱን የቀየሱት ሰዎች እንደሚከሽፍ አምነው ስለተነሱ ነው። የገጠሙት ሰዎች ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደ እሱ ልግባ።

ሰባት ዲግሪ የማትሞላ መጣመም

በኦሌግ ስኮሮቦጋቶቭ የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን ውጤቱን ኖቬምበር 1 ቀን ይፋ አደረገ። ሦስት ሳምንት ነው የፈጀበት። ለዚህ ዓይነት ምርመራ ፈጣን ነው። ሮኬቱ ላይ የተገጠመ ካሜራ የቀረጸው ምስልም አብሮ ወጣ። ሦስቱ ሲሸሹ፣ አራተኛው ሲመታ በግልጽ ይታያል።

ምክንያቱ ያቺ ትንሽ ዘንግ ናት። 6 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ተጣማለች። ደቂቃ ስል የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ ባጭሩ ሰባት ዲግሪ አትሞላም። በዓይን ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን ዘንጓ እንደተጫነች ለመቅረት በቃት። ብቅ አላለችም፣ ሴንሰሩ ዝም አለ፣ መክደኛው አልተከፈተም። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የት ተጣመመች? ሮኬቱ የሚሠራው ሳማራ በምትባል የሩሲያ ከተማ ነው። በባቡር ተጭኖ ባይኮኑር ይመጣና አራቱ የጎን ሮኬቶች ከመሀለኛው ጋር እዚያው ይገጠማሉ። ኮሚሽኑ መጣመሙ የደረሰው በዚህ ግጥሚያ ጊዜ ነው አለ። ቶን የሚመዝን ነገር እየገፉ ጎድጓዳው ውስጥ ሲያስገቡ ዘንጓን ነካኳት። የብረቱ ጥራት ችግር የለበትም። ንድፉም አልተነቀፈም። የእጅ ሥራ ስህተት ነው። ይባስ ብሎ ተገጥመው የተቀመጡ ሌሎች ሁለት ሮኬቶችም ይህ ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል ተነገረ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የ2013ቱ ፕሮቶን ነው። ሰው ያልያዘ ሮኬት ነበር፤ ጁላይ 2 ቀን ከባይኮኑር እንደተነሳ ተገልብጦ ተከሰከሰ። ሲጣራ የአቅጣጫ ሴንሰሮቹ ተገልብጠው ነው የተገጠሙት። የሚገርመው ክፍሎቹ ተገልብጠው እንዳይገቡ ሆነው የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው አልገባ ሲሉት በጉልበት አስገብቷቸዋል። ኤምኤስ-10 ከመነሳቱ ከስድስት ሳምንት በፊት ደግሞ ጣቢያው ላይ ተጣብቃ በነበረችው ሶዩዝ ኤምኤስ-09 መንኮራኩር ላይ (ሶዩዝ የሮኬቱም የመንኮራኩሯም ስም ነው) ቀዳዳ ተገኝቷል፤ አየር በትንሽ በትንሹ ያስወጣ ነበር። የመሰርሰሪያ ሥራ እንጂ የጠፈር ድንጋይ አይመስልም ተባለ። ሦስቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም፤ ፋብሪካቸውም ይለያያል። ሦስቱም ግን የንድፍ ሳይሆን የእጅና የፍተሻ ጉዳይ ናቸው። አንዱን ብቻ ነጥሎ «አጋጣሚ ነው» ማለት ይከብደኛል።

ኮሚሽኑ ያዘዛቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። የተገጠሙት ሮኬቶች ይፈተሹ፤ የሚገጥሙት ሠራተኞች እውቀታቸው እንደገና ይመዘን፤ ግጥሚያው በፎቶና በቪዲዮ ይያዝ። ካሜራ ማቆም! በ2018! ይህን ያህል ቀላል ነገር እስከዚያን ቀን ያልተደረገው የሮኬቱ መልካም ስም ስላዘናጋቸው ይመስለኛል። ለአርባ ሰከንድ ክፍተት ሞተር ያስቀመጠ ድርጅት፣ አንዲት ዘንግ ከተገጠመች በኋላ ደግሞ የሚያያት ዓይን ማስቀመጥ አልታየውም።

ሰዓቱ እየሄደ ነው

ሶዩዝ ሲታገድ ጣቢያው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ጌርስት፣ አሜሪካዊቷ ሴሪና አውኖን-ቻንስለርና ሩሲያዊው ሰርጌይ ፕሮኮፕዬቭ። ምግብ አላቸው። መመለሻም አላቸው፤ ያቺው ቀዳዳዋ የተደፈነው ኤምኤስ-09። ችግሩ ሶዩዝ ጠፈር ላይ እንደልብ አትቆይም። ስትወርድ አቅጣጫዋን የምታስተካክልባቸው ትንንሽ ሞተሮች የሚጠቀሙት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ይህ ደግሞ እየቆየ ይበላሻል። ዕድሜዋ 200 ቀን ያህል ነው። የወጣችው ጁን 6 ስለሆነ ዲሴምበር ማለቂያ ሳይደርስ መመለስ አለባት። እስከዚያ አዲስ ሠራተኛ ካልተላከ ጣቢያው ከ2000 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶውን ሊቀር ነው።

ስለዚህ ተጣደፉ። ሰው ያልያዙ የሶዩዝ ቤተሰብ ሮኬቶች ቀድመው ተላኩ። ኖቬምበር 16 ቀን ራሱ ሶዩዝ-ኤፍጂ ዕቃ ይዞ ወጣ፤ ሰላም ደረሰ። ዲሴምበር 3 ቀን ሦስት ሰዎች ተሳፈሩበት፦ ሩሲያዊው ኦሌግ ኮኖኔንኮ፣ ካናዳዊው ዴቪድ ሴንት-ዣክና አሜሪካዊቷ አን ማክሌን። ከአደጋው 53 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ቻሌንጀር ከተበታተነች በኋላ ሸትሎቹ ተመልሰው ለመብረር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወስዶባቸዋል። 53 ቀን አልፈጠነም ወይ? የብዙ ሰው ጥያቄ ነበር። እኔ አልፈጠነም ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቱ በምስል ተይዟል፣ መፍትሔው አንዲት ዘንግ ማየት ነው፣ ማምለጫው ደግሞ እንደሚሠራ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ጥድፊያው ሮኬቱን አስተካከለ እንጂ የአሠራር ልማዱን ለመመርመር ጊዜ አልሰጠም።

ኦቭቺኒንና ሄግ ማርች 14 ቀን 2019 እንደገና ተሳፈሩ፤ አብራቸው ክሪስቲና ኮክ ነበረች። ሮኬቱ ያው ሞዴል፣ መነሻውም ያው የጋጋሪን ቦታ። በሰላም ደረሱ፤ 203 ቀን ቆዩ። የአደጋው ዳፋ እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ዘልቋል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የመጀመሪያ ጠፈርተኛ ሀዛ አል መንሱሪ በአፕሪል 2019 ሊሄድ ተይዞለት የነበረው ቀጠሮ ወደ ሴፕቴምበር 25 ተገፋ። እሱን ይዞ የወጣው ሶዩዝ-ኤፍጂ የዚያ ሞዴል የመጨረሻው ሮኬት ነው። ከስምንት ቀን በኋላ አል መንሱሪ ሲመለስ ካፕሱሉ ውስጥ ግራና ቀኝ አብረውት የነበሩት ኦቭቺኒንና ሄግ ናቸው። ያረፉትም እዚያው ዤዝካዝጋን አካባቢ ነው፤ በዚህኛው ግን በፕሮግራም።